ያልታየውን ወንጀለኛ ከሥራው ስለ መገመት

በጁባ ታውን ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሹማምንት የተሰጠ ንግግር




በጁባ ታውን ማታ ማታ ኢትዮጵያውያን ከሚያስተዳድሯቸው ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ የተቀመጠ ሰው፣ እንጀራውን በልቶ ቡናው እስኪቀርብለት ድረስ ዓይኑ ከቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። በሳተላይት ከሚመጡት ትርዒቶች መካከል፣ የእግር ኳሱ ጨዋታ ካበቃ በኋላ ሰውን ከወንበሩ ሳያስነሣ ከሚያቆዩት አንዱ የወንጀል ምርመራ ድራማ ነው። የዚህ ድራማ አካሄድ ዛሬ ለሁሉ የታወቀ ሆኗል። አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል፤ ምስክር የለም፤ ፖሊሶቹ ግራ ተጋብተው ቆመዋል። በዚህ ጊዜ አንድ የሥነ ልቡና ሊቅ ይመጣና ሬሳው የወደቀበትን ስፍራ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ «ገዳዩ ዕድሜው ከ25 እስከ 35 የሚሆን፣ ከእናቱ ጋራ የሚኖር፣ ከሥራው የተባረረ፣ ሴቶችን የሚፈራ ሰው ነው» ይላል። ከ40 ደቂቃ በኋላ ልክ እንደዚያ ያለ ሰው እጁ ታስሮ ይወጣል። ተመልካቹም «ዕውቀት ማለት ይህ ነው!» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን መሳዩን ትርዒት በመውደዱ ማንም ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን በማግሥቱ ጧት ከተማሪዎች ፊት የሚቆም ሰው ከሌላው ተመልካች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በክፍል ውስጥ የአንድ ልጅ የምሳ ገንዘብ የጠፋ እንደ ሆነ፣ የመምህሩ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ልብሱ በተቀደደው፣ አባት በሌለው፣ ባለፈው ወር በተጣላው፣ ስሙ ሲጠራ አንገቱን በሚደፋው ልጅ ላይ ነው። መምህሩ የጥበቡን ስም ባያውቀውም የሠራው ሥራ የድራማው ሊቅ የሠራውን ነው፤ ያላየውን ሌባ በአእምሮው ሥሎ፣ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን የሚመስል ልጅ ፈለገ። ስለዚህ ይህ ጥበብ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ያህል እንደሚታመንና ከምን ላይ እንደሚያቆም ማወቅ ለመምህር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጥበቡ በዓለም እንዲወራለት ያደረገው የኒው ዮርክ ከተማ ነገር ነው። ከ1940 ጀምሮ አንድ የማይታወቅ ሰው በቲያትር ቤቶች፣ በባቡር ጣቢያዎችና በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በእጁ የሠራቸውን ቦምቦች እየደበቀ ሕዝቡን ያስጨንቅ ነበር። ከ30 የሚበልጡ ቦምቦችን አኖረ፤ ብዙ ሰዎችም ቆሰሉ። ፖሊስ መላው ቢጠፋው በ1956 መጨረሻ ዶክተር ጄምስ ብራስል የተባሉትን የአእምሮ ሐኪም ምክር ጠየቀ። ዶክተሩም ሰውየው የጻፋቸውን የዛቻ ደብዳቤዎች ከመረመሩ በኋላ፣ በመካከለኛ ዕድሜ ያለ፣ ያላገባ፣ ንጹሕና ሥርዓት የሚያጠብቅ፣ አንድ ኩባንያ በድሎኛል ብሎ ቂም የያዘ ሰው መሆኑን ተናገሩ። ሲያዝም ቁልፎቹ በሙሉ የተቆለፉ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮት ለብሶ ይገኛል አሉ። በ1957 ጃንዋሪ ሰውየው ዋተርቤሪ ከምትባል ከተማ ሲያዝ የሌሊት ልብስ ለብሶ ነበር፤ ልብስህን ቀይር ተብሎ ገብቶ ሲመለስ ግን የተባለውን ኮት ለብሶ፣ ቁልፎቹንም ቆልፎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይህ ታሪክ እንደ ተአምር ሲተረክ ይኖራል።

ይሁን እንጂ ሰውየውን ያስያዘው ኮቱ አልነበረም። ኮቱ የታየው ፖሊስ በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው። ፖሊስን ወደዚያ በር ያደረሰችው የመብራት ኩባንያው ጸሐፊ ናት። ይህች ሴት በሥራ ላይ የተጎዱ የቀድሞ ሠራተኞችን አሮጌ ፋይሎች አንድ በአንድ ስታገላብጥ፣ በጋዜጣ ከወጡት የዛቻ ደብዳቤዎች ጋራ የሚመሳሰል አነጋገር ያለበትን ፋይል አገኘች። ሰውየው በ1931 በሥራው ላይ ተጎድቶ ካሣ የተከለከለ ሠራተኛ ነበር። ዶክተሩ ከሰጧቸው ግምቶች መካከል ያልሠመሩም ነበሩ፤ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ግን የሠመሩት ናቸው ጎልተው የሚታዩት። የሠመረ ትንቢት ሲነገር ይኖራል፤ ያልሠመረውን ማን ያስታውሰዋል? የጠንቋይ ገበያ የማይጎድለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ የሚባለው፣ በ1972 ይህን ሥራ የሚያጠና ክፍል አቋቋመ። የክፍሉ ሰዎች በየወኅኒ ቤቱ እየዞሩ 36 ወንጀለኞችን አነጋገሩ፤ ከዚህም ተነሥተው ገዳዮችን «ሥርዓት ያለው» እና «ሥርዓት የሌለው» ብለው በሁለት ከፈሉ። በ2017 በኔትፍሊክስ የወጣው «ማይንድሀንተር» የተባለው ድራማ የሚተርከው ይህንኑ ጅምር ነው። እዚህ ላይ ለመምህራን ግልጽ የሆነ ጥያቄ ይነሣል። 36 ሰዎች፣ ያውም ተይዘው የታሰሩ፣ ያውም በአንድ አገር ያሉ፣ ያውም ለመናገር የፈቀዱ፣ ስለ ዓለም ገዳዮች ሁሉ እንዴት መምህር ሊሆኑ ቻሉ? በ2004 የእንግሊዙ ሊቅ ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቻቸው የ100 ገዳዮችን ሥራ መርምረው፣ ነገሩ በእነዚህ ሁለት ወገኖች ተለይቶ እንደማይገኝ አሳዩ። ሥርዓቱና ሥርዓት አልባነቱ በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ተደባልቆ ይገኝ ነበር። በድራማው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መደባለቅ ታሪኩን ስለሚያበላሽ ይተዋል።

ከእነዚህ ድራማዎች ሁሉ መምህራን ሊያዩት የሚገባው አንድ ቢኖር፣ በእንግሊዝ አገር በ1993 መታየት የጀመረው «ክራከር» ነው። ጸሐፊው ጂሚ መክገቨርን፣ ዋናው ተዋናይ ሮቢ ኮልትሬን ናቸው። ፊትዝ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ሰካራም፣ ቁማርተኛ፣ ቤቱን ያፈረሰ፣ ነገር ግን የሰውን ልብ እንደ መጽሐፍ የሚያነብ ሆኖ ቀርቧል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ በታየው ታሪክ አንድ ተማሪ ሞቶ ይገኛል፤ የተጠረጠረውም አስተማሪው ነው። ብቸኛነቱ፣ ለልጁ ያሳየው ፍቅርና የነፍሱ ጭንቀት ሁሉ በላዩ ላይ ይመሰክሩበታል። ፊትዝ በዚያ በሚያስገርም አንደበቱ ሰውየውን እያባበለና እያስጨነቀ ያናዝዘዋል። ተመልካቹ አሁን ነገሩ አለቀ ብሎ ሲነሣ፣ አስተማሪው ለፊትዝ ብቻ ልጁን እንዳልገደለ ይነግረዋል። የፖሊሱ አለቃ ግን ገዳዩ ተያዘ ብሎ ስለ ተናገረ መመለስ አይፈልግም፤ የልጁ ገዳይም ሳይታወቅ ታሪኩ ያበቃል። ደራሲው ለዚያ ሁሉ ብልህ ጀግናው ይህን የመሰለ ውድቀት መስጠቱ ድራማውን ከጓደኞቹ ሁሉ በላይ ያደርገዋል።

የሚያስደነግጠው ግን በዚያው ዓመት በዚያው አገር ይህን የመሰለ ነገር በእውን ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው። በ1992 ሐምሌ ወር በሎንዶን ዊምብልደን በተባለ ሜዳ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሁለት ዓመት በሆነው ልጅዋ ፊት ተገደለች። ፖሊስ አንድ የሥነ ልቡና ሊቅ የገዳዩን ጠባይ እንዲሥሉ አደረገ። በዚያ ሜዳ ላይ ውሻውን የሚያንሸራሽር፣ ሥራ የሌለው፣ ብቸኛ የሆነ አንድ ሰው ከሥዕሉ ጋራ ተመሳሰለ። ሌላ ማስረጃ ስላልተገኘ አንዲት ፖሊስ ራሷን ደብቃ ወዳጅ እንድትሆነው ተላከች። ለወራት በደብዳቤና በስልክ፣ በኋላም በአካል እየተገናኘች፣ የገደለ ሰው ብትሆን ኖሮ እንደምትወደው እየነገረች እንዲናዘዝ ገፋፋችው። ሰውየው ግን አልገደልሁም አለ። ቢሆንም ተከሶ ከዓመት በላይ ታሰረ። በ1994 መስከረም ዳኛው ኦግናል ይህ ሁሉ ከባድ የማታለል ሥራ መሆኑን ገልጸው ማስረጃውን ስላልተቀበሉት ሰውየው ተለቀቀ። የተለቀቀው ግን ከወኅኒ ቤት እንጂ ከሰው አፍ አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት ያመለጠ ነፍሰ ገዳይ ሲባል ኖረ።

እውነተኛው ገዳይ በዲ ኤን ኤ ምርመራ ተደርሶበት በፍርድ ቤት ያመነው በ2008 ነው። ለተበደለውም ሰው በዚያው ዓመት 706 ሺሕ ፓውንድ ካሣ ተወሰነለት። ነገር ግን ካሣ የማይደርስበት ነገር አለ። ፖሊስ በተሳሳተው ሰው ላይ አተኩሮ ሳለ፣ በ1993 መገባደጃ እውነተኛው ገዳይ ሌላ እናትና ትንሽ ሴት ልጅዋን በገዛ ቤታቸው ገድሎ ነበር። ከዚህም የሚብስ አለ። የዚህ ሰው እናት ገና በ1989 ለፖሊስ ስልክ ደውላ፣ ልጅዋ አንዲት ሴት መድፈሩን እንደ ነገራት አስታውቃ ነበር። እርስዋ በጠቀሰችው ሜዳ ላይ ተፈጸመ የተባለ የክስ መዝገብ አልተገኘም ተብሎ ነገሩ ተዘጋ። በኒው ዮርክ ፋይል የምታገላብጥ አንዲት ጸሐፊ ተገኘች፤ በሎንዶን ፋይሉን የሚያገላብጥ ጠፋ፤ በምትኩ ሥዕል ተሣለ።

ይህ ነገር በፈረንጅ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ኢትዮጵያም ያልታየውን ሌባ የምታወጣበት የራስዋ ጥበብ ነበራት። ሌባ ሻይ ይባል የነበረው፣ ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ፣ ራሱን ከሳተ በኋላ በወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተመራ በየመንደሩ እንዲሮጥ የሚደረግበት ሥርዓት ነው። ልጁ ሮጦ ከገባበት ቤት የወደቀ እንደ ሆነ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ይከፍል ነበር። በመቀነቱ ጫፍ ላይ ያለው ሰው እጁን ወዴት እንደሚስብ ማን ያውቃል? ከሳሽ የሚጠላው፣ ሀብት ያለው ነገር ግን ወገን የሌለው፣ አገሬው እንግዳ ነህ የሚለው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሌባ ሆኖ ይገኝ ነበር። ዛሬ ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም። ሆኖም የዊምብልደኑ ሰው የዚያ ቤት ጌታ ወንድም ነው። መቀነቱ ብቻ ተለውጧል።

ከዚህ ይልቅ አፈርሳታ፣ በሌላው አገር አውጫጭኝ የሚባለው፣ የተሻለ መሠረት ነበረው። ወንጀል በተሠራ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ እየማለ ያየውንና የሰማውን በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣም ወደ ቤቱ መመለስ አይፈቀድለትም። ይህ ሥርዓት ቢያንስ የሚጠይቀው ስለ ሥራው ነው፤ ማን አየ፣ ማን ሰማ፣ ማን በዚያ ሌሊት በመንገድ አለፈ ይላል። ጉድለቱም የታወቀ ነው። ሥራውን ትቶ ለቀናት በሜዳ የሚውል ገበሬ በመጨረሻ ለመገላገል ሲል የማይወደውን ሰው ስም ይጠራል። «ሁሉም የሚያውቀው ሌባ» የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉም የማይወደው ሰው ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ ከእነዚህ ልማዶች እየራቀ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ነው እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ደነገገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 51 የተከሳሹ አእምሮ የሚያጠራጥር በሆነ ጊዜ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ሐኪሞች እንዲህ ላለው ምርመራ ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ ሁለቱን ሥራዎች መለየት ይገባል። የሆስፒታሉ ሐኪም ሰውየውን ከፊቱ አስቀምጦ አእምሮውን ይመረምራል፤ የድራማው ሊቅ ግን አእምሮውን አስቀድሞ ፈጥሮ ሰው ይፈልግለታል። የመጀመሪያው ሊሳሳት ይችላል፤ ነገር ግን የሚያነጋግረው፣ የሚያየው፣ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው አለው። ሁለተኛው ሲሳሳት የሚያርመው ነገር የለም፤ ምክንያቱም ሥዕሉን የሚመስል ሰው በየትኛውም ከተማ አይታጣም። በሎንዶን ብቸኛና ሥራ ፈት ስንት ሰው ይኖር ነበር? በጁባስ ትምህርት ቤቶች አባቱ የሞተበትና ልብሱ የተቀደደ ልጅ ስንት ነው?

በጁባ ላለ መምህር ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ ከባድ ነው። በ2013 ዲሴምበር 15 ቀን በዚህች ከተማ በወታደሮች መካከል የተነሣው ተኩስ ወደ ሕዝቡ ሲዛመት፣ በተከታዮቹ ቀናት ኑዌር የሆኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየተፈለጉ ተገደሉ። መለያው የሚናገሩት ቋንቋና በግንባራቸው ላይ ያለው የባሕል ጠባሳ ነበር። በቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ሰብሳቢነት የተመራው የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን ይህን ግድያ መርምሯል፤ ሪፖርቱም በ2015 ለሕዝብ ተገልጧል። አንድ ልጅ ወንድ ሆነ ተብሎ በደስታ ቀን የተቀረጸበት ምልክት፣ ያልሠራው ወንጀል ማስረጃ ሆነበት። ያን ጊዜ በሌላ ክፍለ አገር ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ የሌላው ወገን ሰዎች እንዲሁ ተገደሉ። ይህን ከቴሌቪዥኑ ሊቅ ሥራ ጋራ እኩል ማድረግ አይገባም፤ ሊቁ የሚፈልገው አንድ ገዳይ ነው፤ በ2013 የተፈለገው ግን ሕዝብ ነው። ቢሆንም በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሰው እንደሚያስበው ረጅም አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ሰውየው ምን እንዳደረገ ከመጠየቁ በፊት ምን እንደሚመስል ታይቷል። በጁባ ክፍሎች ውስጥ የተቀመጡ ብዙ ልጆች ይህን በቤታቸው ያዩ ወይም የሰሙ ናቸው፤ መምህሩ «አንተ ነህ፣ ፊትህ ያስታውቃል» ሲል የሚሰሙት ከሌላ አገር ልጅ በተለየ ጆሮ ነው።

እዚህ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ መምህርም ራሱ እንግዳ ነው። በገበያ አንድ ነገር በጠፋ ጊዜ «ሐበሾቹ ናቸው» ሲባል ሰምቶ ያልተቈጣ የለም። በዚያው አፍ ተመልሶ ስለ ተማሪው «እነዚህ ልጆች እንዲህ ናቸው» ቢል ምን ይባላል?

የትምህርት ቤት ሹማምንትን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተማሪው መዝገብ ነው። በሪፖርት ካርዱ ላይ ከሒሳብና ከቋንቋ ውጤት ጋራ «ጠባይ» የሚል ዓምድ ተቀምጧል። አንድ መምህር ተቈጥቶ በዚያ ዓምድ የጻፈው አንድ ቃል ልጁን ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይከተለዋል። አዲሱ መምህር ልጁን ከማየቱ በፊት ቃሉን ያነባል፤ ካነበበ በኋላም የሚያየው ቃሉን ነው። በ1968 ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ቢታወስ መልካም ነው። በአንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ለመምህራኑ፣ እነዚህ ልጆች በቅርቡ እጅግ ይሻሻላሉ ተብሎ የስም ዝርዝር ተሰጣቸው። ስሞቹ ግን በዕጣ የወጡ ነበሩ። ከታችኛዎቹ ክፍሎች የነበሩት ልጆች በዓመቱ መጨረሻ ከጓደኞቻቸው ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ። ጥናቱ በኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው ዋና ሐሳቡን አይክድም። ስለ ልጁ መልካም የተነገረው መምህር እንዲህ ከሆነ፣ «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» ተብሎ የተነገረውስ?

ይህ ማለት መምህር የተማሪዎቹን ጠባይ አይመርምር ማለት አይደለም። በድንገት ዝም ያለው ልጅ፣ ምሳውን የማይበላው፣ እጁን ሲያነሡበት የሚሸማቀቀው፣ ሁሉም መታየት አለባቸው። ዕውቀቱ የሚጠቅመው ግን ልጁን ለመርዳትና ለማነጋገር ነው። በፖሊስም ዘንድ ጠንቃቃ የሆኑት ሰዎች የጠባይ ግምትን የሚጠቀሙበት ከብዙ ፋይሎች የትኛውን አስቀድሞ እንደሚከፍቱ ለመወሰን፣ ወይም የተያዘን ሰው እንዴት ማነጋገር እንደሚሻል ለማሰብ ነው እንጂ ሰውን ለመክሰስ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጠፋው የምሳ ገንዘብ እንመለስ ቢባል፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ገንዘቡ በእርግጥ መጥፋቱ ነው። ከሚጠፋው ገንዘብ ጥቂት የማይባለው በኪስ ቀዳዳ ወይም በመጽሐፍ ገጾች መካከል ይገኛል። ቀጥሎ ልጁ ገንዘቡን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በስንት ሰዓት ነው? በዕረፍት ጊዜ በሩ ተቈልፎ ነበርን? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ውኃ የሚያመጣው፣ ክፍሉን የሚጠርገው፣ ከሌላ ክፍል ደብተር ሊዋስ የመጣው ማን ነበር? መስኮቱ ይዘጋል ወይስ መዝጊያው ከተሰበረ ዓመት ሆኖታል? እነዚህ ጥያቄዎች ክፍሉ በሙሉ በተቀመጠበት አይጠየቁም። የአንድ ልጅ ቦርሳ ለብቻው በጓደኞቹ ፊት ከተፈተሸ፣ ምንም ባይገኝበት እንኳ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሌባ ነው። ያየ ልጅ ለብቻው መጥቶ የሚናገርበት ጊዜና ስፍራ፣ የወሰደውም በስውር የሚመልስበት በር ሊተውለት ይገባል። መምህሩ የሰማውን ከነሰዓቱ በደብተሩ ይጽፋል፤ ያየውን ካሰበው ለይቶ፣ ያየውን በአንድ ገጽ፣ ያሰበውን በሌላ ገጽ ያደርገዋል። ነገሩ ወደ ርእሰ መምህሩ የቀረበ እንደ ሆነ የሚቀርበው የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው።